የገርጂዋ አፓርትመንት፦ የሦስት ዓመት የቀን ኪራይ ሒሳብ

ይህን የምጽፈው ውጭ አገር ሠርቶ ባጠራቀመው ገንዘብ አዲስ አበባ ላይ አፓርትመንት ሊገዛ ላሰበ፣ ከገዛ በኋላም «በኤርቢኤንቢ (ቤት በኢንተርኔት ለእንግዳ በሚከራይበት መድረክ) ለእንግዳ እያከራየሁ በዶላር አገኛለሁ» ብሎ ሒሳብ ለሠራ ሰው ነው። ያንን ሒሳብ እኔም ሠርቼዋለሁ። ከነሐሴ 2013 እስከ ሰኔ 2016 ድረስ ገርጂ አካባቢ ያለችንን ባለሁለት መኝታ ቤት በቀንና በሳምንት አከራይተናል። አከራይተናል የምለው፣ እኔ ሜሪላንድ ሆኜ፣ ታላቅ እህቴ ደግሞ ከቤቱ የሩብ ሰዓት መንገድ ርቃ እየኖረች ስለሠራነው ነው። ቁጥሮቹ ከራሳችን ደብተር የወጡ ናቸው፤ ዓመተ ምሕረቱም በእኛው አቆጣጠር ነው። ቤቱን የሸጠልኝን ድርጅትና የሄድንባቸውን ቢሮዎች በስም አልጠራም። የምፈልገው ገንዘቡም ድካሙም የት እንደገባ በግልጽ ማሳየት ነው።

ቁልፉ እስኪመጣ

ውሉን የፈረምኩት በ2009 ነው። 98 ካሬ፣ ሰባተኛ ፎቅ፣ ካሬው በ22,000 ብር፤ ድምሩ 2,156,000 ብር። ያኔ አንድ ዶላር 23 ብር ገደማ ስለነበር ወደ 94,000 ዶላር መሆኑ ነው። ሕንፃው ገና ከመሬት አልወጣም። ክፍያው ከግንባታው ደረጃ ጋር እየተያያዘ የሚሄድ ሲሆን፣ ርክክቡ በ24 ወር ውስጥ ይላል ውሉ።

በዚያው ውል ውስጥ የግንባታ ዕቃ ዋጋ ሲጨምር ሻጩ የዋጋ ማስተካከያ መጠየቅ እንደሚችል የሚገልጽ አንቀጽ አለ። አንብቤዋለሁ። ያላስተዋልኩት ጭማሪው እስከ ስንት ሊደርስ እንደሚችል የሚገድብ ምንም ቃል አለመኖሩን ነው። ጥቅምት 2010 ላይ ብር በ15 በመቶ እንዲወርድ ሲደረግ የሊፍቱም፣ የአሉሚኒየሙም፣ የሴራሚኩም ዋጋ አብሮ ወጣ፤ ለኔ የደረሰኝ ደብዳቤ 240,000 ብር ጨምር የሚል ነበር። ከፈልኩ። ከዚያ በኋላ የሚገዛ ዘመድ ሲያማክረኝ መጀመሪያ የማሳየው ይህን አንቀጽ ነው፤ ጣሪያ ካልተጻፈበት አትፈርም እለዋለሁ።

ቁልፉ በ24 ወር ሳይሆን በአራተኛው ዓመት፣ ጥር 2013 ላይ ተሰጠን። ቤቱ «ሴሚ ፊኒሽድ» የሚባለው ዓይነት ነው፦ ግድግዳው ልስን፣ ወለሉ ሲሚንቶ፣ ኩሽናው ውስጥ ከግድግዳ የወጡ ሁለት የቧንቧ ጫፎች። ከወለል እስከ ቁምሳጥን፣ ከአልጋ እስከ ማንኪያ ለማሟላት 1,200,000 ብር ሄደ። እንግዲህ የቤቱ ዋጋ ስንት ነው ብሎ ለሚጠይቀኝ 2,156,000 ብር ብዬ መመለስ አልችልም፤ 3,596,000 ብር ነው። የኪራይ ትርፍ በመቶኛ የሚያሰላ ሰው የሚያካፍለው ለዚህኛው ቁጥር መሆን አለበት። ቤቱ እጄ ሳይገባ ገንዘቤ ተቀምጦ ያለፈው ጊዜ ደግሞ በዚህ ውስጥ አልተቆጠረም።

ስለ ውክልናውም ልናገር፤ ብዙ ሰው የሚደናቀፍበት ነው። እኔ ዜግነቴን ቀይሬያለሁ፤ አዋጅ ቁጥር 270/1994 ግን ትውልደ ኢትዮጵያዊ የመኖሪያ ቤት ባለቤት እንዲሆን ስለሚፈቅድ በስሜ ለመግዛት አልተቸገርኩም። ለእህቴ ዋሽንግተን ባለው ኤምባሲ ውክልና ሰጠኋት፤ ሰነዱ አዲስ አበባ ደርሶ በውጭ ጉዳይ ከተረጋገጠ በኋላ ሰነዶች ማረጋገጫ ገባ። «ቤቱን እንድትረከብልኝ፣ እንድታስተዳድርልኝ» ይላል። በፍትሐ ብሔር ሕጉ መሠረት ከሦስት ዓመት ያልበለጠ ኪራይ የአስተዳደር ሥራ ስለሆነ ይህ ይበቃል ብዬ ነበር። ቢሮ ላይ ያለው ሠራተኛ ግን የሚፈልገው ቃሉን በዓይኑ ማየት ነው፤ «ውል ልትዋዋል፣ ግብር ልታሳውቅ፣ ልትከፍል፣ የባንክ ሒሳብ ልትከፍት» የሚል። ስላልነበረ እንደገና ከኤምባሲ ተጀመረ። ሁለት ወር ሄደብን።

በአንድ ጥር የተለካ ዓመት

ቤቱን ለእንግዳ ክፍት ያደረግነው ነሐሴ 2013 ላይ ነው፤ በቀን 55 ዶላር። መስከረም ደህና ሄደ። ጥቅምት 23 ቀን 2014 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። ኤምባሲዎች ዜጎቻቸውን ውጡ እያሉ ነበር፤ በአንድ ሳምንት ውስጥ ተይዘው የነበሩት ስድስቱም የእንግዳ ቀጠሮዎች ተሰረዙ። በዚያ ሰሞን ቤት የሚያከራይ ሰው የተከራዩን ማንነት ለፖሊስ እንዲያሳውቅ ይታዘዝ ስለነበር፣ እህቴ አንድ የቀረንን እንግዳ ፓስፖርት ኮፒ ይዛ ጣቢያ ሄዳለች። ኅዳር ሙሉ ቤቱ ባዶ ነበር።

ከዚያ ደግሞ መንግሥት ለገና ወደ አገር ቤት ግቡ የሚለውን ጥሪ አቀረበ። ከታኅሣሥ 20 እስከ ጥር 20 ድረስ አንድ ሌሊት እንኳ ባዶ አላደረም። ዋጋውን 80 ዶላር አደረግነው፤ ሰው አላጉረመረመም።

የሠራሁት ትልቁ የሒሳብ ስህተት እዚህ ላይ ነው። ያንን ወር መለኪያ አድርጌ ያዝኩት። ገና፣ ጥምቀት፣ የጥር ሠርግ፣ በዚያ ላይ አገራዊ ጥሪ የተገናኙበትን ወር የሁልጊዜ ገበያ አድርጌ ለሚቀጥለው ዓመት ዕቅድ አወጣሁበት። በተግባር የአዲስ አበባ የእንግዳ ዓመት እንዲህ ነው፦ ታኅሣሥ መጨረሻና ጥር ይሞላል፤ የአፍሪካ ኅብረት ጉባኤ ሰሞን ሆቴል ሲጠብ ለኛም ይተርፋል፤ ዐቢይ ጾም ሲገባ ሠርግ የለም፣ ሰው የለም፤ ከፋሲካ በኋላ ጥቂት ይነቃቃል፤ ሐምሌና ነሐሴ ደግሞ ውጭ ያሉ ልጆች ትምህርት ሲዘጉ ቤተሰብ ይመጣል። የቀረው ወር አንድ የልማት ድርጅት አማካሪ ወይም ለሕክምና የመጣ ዘመድ ካልተገኘ ዝም ነው።

2015 ምንም የተለየ ነገር ያልገጠመው፣ ደህና የሚባል ዓመት ስለሆነ ሒሳቡን በሱ ላሳይ። የተከራየው 187 ሌሊት ነው፤ ከዓመቱ ግማሽ ትንሽ ይበልጣል። በአማካይ 55 ዶላር ሲመታ 10,285 ዶላር፤ በጊዜው የባንክ ምንዛሪ 54 ብር ገደማ ሲታሰብ ወደ 555,000 ብር። ወጪው 178,000 ብር ነው። ከሁሉ የሚበልጠው ጽዳትና አጠባ ነው፣ 42,000። የተሰበረና የተተካ ዕቃ 27,000፤ አንሶላ፣ ፎጣ፣ የሻወር ጭንቅላት፣ አንድ ጊዜ የቴሌቪዥን ስክሪን። ለሕንፃው ማኅበር በወር 2,000 ሆኖ 24,000። ከኤርፖርት ለሚያመጣ መኪና 22,000። ኢንተርኔት 18,000፣ ለኤርቢኤንቢ 3 በመቶው 17,000፣ መብራትና ጋዝ 15,000፣ በቦቴ የተገዛ ውሃ 13,000። ከግብር በፊት 377,000 ብር ይተርፋል።

ያንኑ ቤት ከነዕቃው ለአንድ ቤተሰብ በወር 30,000 ብናከራየው ኖሮ በዓመት 360,000 ይሆን ነበር። የማኅበሩ ክፍያና ለጥገና የሚሆን 16,000 ሲወጣለት 320,000። ስለዚህ የቀን ኪራዩ በ57,000 ብር ይበልጣል። ይህን ቁጥር ይዤ አንድ ዓመት ሙሉ ትክክል ነኝ ብዬ ተቀምጫለሁ።

የእህቴ ደብተር

ጥር 2016 አገር ቤት ገባሁ። እህቴ የአንደኛ ደረጃ መምህርት ናት፤ ሁለት ልጆች አሏት። የቤቱን ሒሳብ የምትጽፈው የልጇ የትምህርት ቤት ደብተር ላይ ነው፤ ባለ 100 ገጹ፣ ጀርባው ላይ የማባዣ ሠንጠረዥ ያለበት። ለኔ በየወሩ በቴሌግራም የምትልክልኝ የግራውን ዓምድ ፎቶ ነበር፣ ብሩ የተጻፈበትን። ደብተሩን እጄ ላይ ይዤ ሳገላብጥ በስተቀኝ ጠርዝ ላይ በትንንሹ የተጻፈ ነገር አየሁ። «ሌ 9፡20 ገቡ።» «ሌ 8 ዲናሞ።» «ከምሽቱ 5 — ቁልፍ ውስጥ ረሱ።» «ሌ 10 ኤርፖርት፣ ሻንጣ ጠፍቶባቸው እስከ 12።»

የትኛው ምን እንደሆነ እየጠየቅኳት ስናነብ አንዱ ጋ ደረስን። ለወንድሟ ሠርግ ከዳላስ የመጣች ልጅ ናት። ሠርጉ በማግስቱ ነው፤ ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ፀጉሯን ሻምፑ ተቀብታ ውሃው ቀጥ አለ። በሰፈራችን ውሃ የሚመጣው በፈረቃ ነው። መስመሩ ሲመጣ ታች ያለው ታንከር ይሞላና በዲናሞ ጣሪያ ላይ ወዳሉት ሮቶዎች ይገፋል። የዚያን ዕለት መብራት ጠፍቷል፤ የሕንፃው ጄኔሬተር የሚሸከመው ሊፍቱንና የደረጃውን መብራት ብቻ ነው፣ ዲናሞውን አይችልም። ልጅቷ እያለቀሰች ደወለች። እህቴ ልጆቿን ለጎረቤት አደራ ብላ፣ ከቤቷ ሁለት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ሞልታ፣ በራይድ ሄደች። ስትደርስ ጄኔሬተሩ ነዳጅ ጨርሶ ሊፍቱም ቆሟል። ከዘበኛው ጋር አንድ አንድ ጀሪካን ተሸክመው ሰባት ፎቅ ወጡ። ውሃውን በድስት አሙቃ የልጅቷን ፀጉር ያለቀለቀችላት እራሷ ናት። ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ክፍል ገብታ አስተምራለች። እንግዳዋ አምስት ኮከብ ሰጥታናለች፤ «አስተናጋጇ እንደ እናት ናት» ብላ ጽፋለች። ያንን አስተያየት ሜሪላንድ ሆኜ አንብቤ ደስ ብሎኝ ነበር። ለምን እንደተጻፈ አላውቅም ነበር።

«እታለም፣ ይህን ሁሉ ለምን አልነገርሽኝም?» አልኳት።

«ምን ብዬ ልንገርህ? እዚህ ሌሊት ሲሆን አንተ እዚያ ገና ከሥራ ገብተህ ራትህን የምትበላበት ሰዓት ነው። ብነግርህ ከመብሰልሰል በቀር ምን ታደርግ ነበር? ደግሞስ ያንተ ቤት የኔ አይደለም እንዴ?»

በ2015 ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ ከቤቷ የወጣችባቸውን ሌሊቶች ከደብተሩ ቆጠርኩ። 41 ናቸው። ለዚህ የተከፈላት ገንዘብ የለም። በዓል ሲመጣ የምልክላት አለ፤ እሱ ግን ቤቱ ባይኖርም የምልከው ነው።

እንግዲህ ሒሳቡን እንደገና ሠራነው። የእሷን ሥራ የሚሠራ፣ ሌሊት ሲደወልለት የሚነሣ፣ ከእንግዳ ጋር በእንግሊዝኛ የሚግባባ ታማኝ ሰው በወር ከ8,000 ብር በታች አይገኝም ብለን ተስማማን፤ እሷ እንዲያውም 10,000 ነው ትላለች። በ8,000 እንኳ ቢታሰብ በዓመት 96,000 ብር ነው። 57,000 ይበልጣል ያልኩት የቀን ኪራይ ከረጅም ጊዜው ኪራይ በ39,000 ብር ያንሳል ማለት ነው። በሁለት ዓመት ተኩል ውስጥ ትርፍ እያልኩ ስጽፈው የነበረው የእህቴ ያልተከፈለ ደመወዝ ነበር። ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያደረገኝም ይኸው ነው፤ ከኔ ጋር የሚሠሩ፣ አዲስ አበባ ላይ ቤት ያላቸው ብዙ ሰዎች «እህቴ ታየዋለች»፣ «እናቴ ቁልፉን ትሰጣለች» ሲሉ እሰማለሁ። ስንት እንደምትከፍሏት ስጠይቅ የሚመልስልኝ አላገኘሁም።

አንድ ነገር ልጨምር። የቀን ኪራይ አያዋጣም እያልኩ አይደለም። አራት ወይም አምስት ቤት በአንድ ሕንፃ ውስጥ ያለው ሰው አንድ ሠራተኛ ቀጥሮ ደመወዙን ለአራት ለአምስት ያካፍለዋል፤ ለአንዱ ቤት የሚደርሰው 20 ሺህ ወይም 24 ሺህ ብር ይሆናል። የጉድጓድ ውሃና የራሱ ጄኔሬተር ያለው ግቢም የሌሊቱ ጥሪ ይቀንስለታል። አንዲት አፓርትመንት ግን አንድ ሰው ቀጥራ ማደር አትችልም። የኛ ችግር እሱ ነው።

ሊቀመንበሩና ሊፍቱ

በዚያው ጥር የሕንፃው ማኅበር ስብሰባ ላይ ከእህቴ ጋር ተቀመጥኩ። የጋራ ሕንፃ ቤት ባለቤቶች በአዋጅ ቁጥር 370/1995 መሠረት ማኅበር አላቸው፤ መተዳደሪያ ደንብ ያወጣሉ፣ የጋራ ወጪ ያካፍላሉ። ሊቀመንበሩ ጡረታ የወጡ መሐንዲስ ናቸው። ብዙ አልዞሩም።

«ልጄ፣ አንቺን እናውቅሻለን፣ የተከበርሽ መምህርት ነሽ» አሏት። «ግን በየሦስት ቀኑ የማናውቀው ሰው ሻንጣ እየጎተተ ይገባል። ልጆቻችን ብቻቸውን ነው ሊፍት የሚገቡት። ከማን ጋር እንደሚወጡ ንገሪን እስቲ።»

«ጋሼ፣ የሁሉንም ፓስፖርት ኮፒ እይዛለሁ፤ ጠይቄ ነው የማስገባው።»

«አንቺ ትይዣለሽ። እኛስ?»

መልስ አልነበረንም። ትክክል ናቸው። እኔም ሜሪላንድ የምኖርበት ሕንፃ ውስጥ ጎረቤቴ እንዲህ ቢያደርግ እጠይቃለሁ። ኮፒው ለዘበኛ እንዲሰጥ፣ ከአራት ሰው በላይ እንዳይገባ፣ ለሊፍት ጥገና በወር 1,000 ብር እንድንጨምር ተስማምተን ወጣን። ቤት ገዝቶ ለእንግዳ ለማከራየት የሚያስብ ሰው የማኅበሩን ደንብ ከመግዛቱ በፊት ይጠይቅ፤ ማኅበሩ ገና ካልተቋቋመ ደግሞ ከተቋቋመ በኋላ ጎረቤቱ ምን ሊል እንደሚችል ያስብ። የሥራው ግማሽ ፈቃድ ያለው ከጎረቤት እጅ ነው።

ኪራይ ነው ወይስ ንግድ?

ከመጀመሪያው ዓመት ጀምሮ ገቢውን እንደ ቤት ኪራይ ነበር የምናሳውቀው። በጊዜው ስንሠራበት የነበረው የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 የኪራይ ገቢን በሠንጠረዥ ለ፣ የንግድ ገቢን በሠንጠረዥ ሐ ያስቀምጣል። ያኔ የሒሳብ መዝገብ የማይይዝ ቤት አከራይ ከጠቅላላ ኪራዩ ግማሹ ለጥገናና ለእርጅና ተብሎ ይቀነስለትና በቀሪው ላይ ነበር ግብር የሚከፍለው። ይህ ለአከራይ ደህና ነበር። በ2016 ግብር ልታሳውቅ የሄደችው እህቴን የተቀበለችው ባለሙያ ግን ደረሰኞቹን አይታ «ይሄ እኮ የሌሊት አልጋ ነው፤ ኪራይ አይባልም» አለቻት። አንሶላ የሚቀይር፣ በቀን የሚያስከፍል ሰው የእንግዳ ማረፊያ ነው፤ ንግድ ፈቃድ ያወጣል፣ ከቱሪዝም ዘርፍ የብቃት ማረጋገጫ ያመጣል፣ በሠንጠረዥ ሐ ይከፍላል። ባለሙያዋ በክፋት አልተናገረችም፤ ያለፈውን እንዴት እንደምናስተካክል ቁጭ ብላ አስረድታታለች። ቀሪውን ከፍለን ጨረስን።

ፈቃዱን ለማውጣት ስንጠይቅ ደግሞ ዞሮ ዞሮ እዚያው ሕንፃው ጋ መጣ፦ ቤቱ የመኖሪያ ነው፣ የጋራ ሕንፃ ውስጥ ነው፣ የማኅበሩ ስምምነት ያስፈልጋል። ሊቀመንበሩን እንደገና አልጠየቅናቸውም። ከመጀመሪያው ይህን ጠይቀን ብንጀምር ኖሮ የቤት ዕቃው ላይ ያንን ያህል ገንዘብ አናፈስም ነበር። የኔ ግብር በአሜሪካም አለ፤ እዚህ የሚኖር ሰው ኢትዮጵያ ያለ ቤቱን ኪራይም በዓመታዊ መግለጫው ላይ መሙላት አለበት፣ አገር ቤት የከፈለበትን ደረሰኝ ካልያዘ ደግሞ ያ ከአሜሪካው ግብር እንዲቀነስለት መጠየቅ ይቸገራል። የእህቴ ደብተር እዚህም ጠቅሞኛል።

መጋቢት 2016 ላይ የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ወጣ። ውሉ በጽሑፍ ይሆናል፣ ይመዘገባል፤ ከሁለት ዓመት አያንስም፤ ቅድመ ክፍያው ከሁለት ወር ኪራይ አይበልጥም፤ ኪራዩ በባንክ ወይም በኤሌክትሮኒክ መንገድ ይከፈላል፤ ጭማሪ በዓመት አንድ ጊዜ፣ ተቆጣጣሪው አካል በሚያወጣው መጠን ብቻ ነው። አዲስ የሚከራይ ቤት መነሻ ዋጋው በተዋዋዮቹ ስምምነት ይወሰናል። ብዙ አከራይ ይህን ሲሰማ ተደናግጦ ነበር። እኔ በአንጻሩ እፎይ አልኩ። ቢያንስ ምን እንደሚፈቀድና ምን እንደማይፈቀድ የተጻፈበት ወረቀት አገኘሁ።

ሦስት ሳምንት

ሐምሌ 1 ቀን 2016 ለአንድ ባልና ሚስት ከነዕቃው በወር 45,000 ብር አከራየናት። ጭማሪው ከዚያ በኋላ በእጃችን ስላልሆነ መነሻውን ጠንከር አድርገን ጠየቅን፤ እነሱም ተከራክረው ከ50,000 አወረዱን። የሁለት ወር፣ 90,000 ብር በባንክ ገባ። ደላላው ከወሩ ኪራይ 10 በመቶ ከኛ፣ 10 በመቶ ከነሱ ወሰደ። ውሉ ወረዳ ተመዘገበ። በዚያ ቀን ምንዛሪ 45,000 ብር ወደ 790 ዶላር ይመጣ ነበር።

ሐምሌ 22 ቀን የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ተደረገ። በሳምንታት ውስጥ ዶላር ከ100 ብር አለፈ። ኪራዬ ከ450 ዶላር በታች ወረደ፤ ውሉ ደግሞ ለሁለት ዓመት ተፈርሟል። በቀን ኪራዩ ብንቀጥል ኖሮ ያው 187 ሌሊት በ55 ዶላር ከአንድ ሚሊዮን ብር በላይ ይሆን ነበር፤ አሁን በዓመት የምናገኘው 540,000 ነው። በዶላር የሚያስብ ሰው ተሳስተሃል ይለኛል፤ በዶላር ልክ ነው። ሦስት ሳምንት ብቻ ብንዘገይ የተለየ ዋጋ እንጠይቅ ነበር፤ ይህንንም አውቃለሁ፣ ለጥቂት ወራት እንቅልፍ ነስቶኛል።

ይሁን እንጂ ወጪዬ ሁሉ አገር ቤት ላይ ነው። የእህቴን ልጆች ትምህርት ቤት የምከፍለው በብር ነው፣ የእናቴን መድኃኒትም እንዲሁ። ኪራዩ አዲስ አበባ ባንክ ገብቶ እዚያው ይወጣል፤ ከዚህ የምልከው ቀነሰ። ቤቱን ዶላር እንዲያመጣልኝ ሳይሆን ከዚህ የሚወጣውን ዶላር እንዲቀንስልኝ አድርጌ ማየት ስጀምር ሒሳቡ ተስተካከለልኝ። መብራት ከመስከረም 2017 ጀምሮ በየሦስት ወሩ ሲጨምር የሚከፍለው ተከራዩ ነው። ጋዝም፣ ኢንተርኔትም የእነሱ ነው። በዓመት ተኩል ውስጥ ለጥገና የወጣው የአንድ ቦይለርና የበር ቁልፍ ዋጋ ነው።

እህቴ ከኪራዩ 10 በመቶ፣ በወር 4,500 ብር፣ በስሟ ሒሳብ ይገባላታል። መጀመሪያ «ከወንድሜ ደመወዝ ልብላ?» ብላ ተቆጥታ ነበር። አዲሱ ውክልና ላይ ስለ ሥራዋ ክፍያ እንደምትወስድ ራሱን የቻለ አንቀጽ አስገባሁ፤ ኤምባሲው ውስጥ ያለችው ጸሐፊ ሁለት ጊዜ አንብባ «እንዲህ የሚያጽፍ ብዙ የለም» አለችኝ።

ውሉ ሰኔ 30 ቀን 2018 ያበቃል። ተከራዮቹ ልጅ ወልደዋል፣ መቆየት ይፈልጋሉ፤ ስለ ዋጋው ከወዲሁ መነጋገር ጀምረናል። ባለፈው ሳምንት ራት ላይ ሆኜ ቴሌግራም ስከፍት እህቴ ኦንላይን ናት። አዲስ አበባ ሌሊት 9 ሰዓት ነው። ደንግጬ ደወልኩ።

«ምነው እታለም? ቤቱ ምን ሆነ?»

«ምንም አልሆነ። ውሃ መጥቶ የራሴን ሮቶ እየሞላሁ ነው» አለችኝ።